ሳራውንድ ይግባ አይግባ? መጀመሪያ ሶፋው ይታይ

ለቴሌቪዥን ክፍል ሳራውንድ (ተመልካቹን ከፊትም ከጎንም የሚከብቡ ስፒከሮች) ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ሁሌ የሚጀምረው ከስፒከር ብዛት ነው። አምስት ይብቃ፣ ሰባት ይሁን፣ ኮርኒሱም ላይ ይጨመር? እኔ ግን ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር የምመለሰው ወደ ሶፋው ነው። ሶፋው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ከተቀመጠና ወደፊት ለመሳብ ቦታ ከሌለ፣ የውሳኔው ግማሽ እዚያው አልቋል። ይህን ሳያዩ ካርቶን ላይ የተጻፈውን የስፒከር ቁጥር ማወዳደር፣ የእግርን ልክ ሳያውቁ ጫማን በቀለሙ እንደመምረጥ ነው።

5.1 ሲባል አምስቱ የፊት ግራ፣ መሀል፣ የፊት ቀኝና ሁለት የጎን ስፒከሮች ናቸው። ነጥብ አንዱ ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ የተሠራው ሰብዉፈር ነው። ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ሲያይ አፍንጫው የሚጠቁምበትን አቅጣጫ ዜሮ ብንለው፣ የፊቶቹ በግራና በቀኝ ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ላይ፣ የጎኖቹ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ይሆናሉ፤ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ነው። ሶፋው ከቴሌቪዥኑ 3 ሜትር ከራቀ በፊት ግራና ቀኝ መካከል ከ2.4 እስከ 3.5 ሜትር ክፍተት ይፈለጋል። ብዙ ክፍል ፊት ለፊት ይህን ቦታ ይሰጣል። የሚጠበው ከኋላ ነው።

ሶፋው ግድግዳ ከነካ የጎን ስፒከሮቹን ልክ በጆሮ አቅጣጫ፣ 90 ዲግሪ ላይ፣ ከጆሮ ከፍታ 50 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መስቀል ይቻላል፤ ያስኬዳል። 7.1 ግን አይታሰብም፤ ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ከጀርባ ቢያንስ አንድ ሜትር ካላገኙ ድምፃቸው ማጅራት ላይ ይጮኻል እንጂ ክፍሉን አያሰፋም። ወፍራሙ ድምፅም ግድግዳ ሥር ይከማቻል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ባሱን ከልክ በላይ ይሰማል። ሶፋውን 40 ሴንቲሜትር እንኳ ወደፊት መሳብ ልዩነት ያመጣል፣ የሚከፈልበትም ነገር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጎደለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው ሳራውንድ የሚያምረው ንግግር አልሰማ ሲለው ነው። ተዋናዩ ሲያንሾካሹክ ድምፅ ይጨመራል፣ ፍንዳታ ሲመጣ ሁሉም ሪሞቱን ይሻማል። ይህን ችግር ከጀርባ የሚሰቀል ስፒከር አይፈታውም። የችግሩ ምንጭ ቀጫጭኖቹ ቴሌቪዥኖች ስፒከራቸው ትንሽ መሆኑና ብዙ ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ መዞሩ ነው። በፊልም ድምፅ ውስጥ አብዛኛው ንግግር የሚመጣው በመሀለኛው ስፒከር ስለሆነ መፍትሔውም ፊት ለፊት ነው ያለው። ቅሬታው ንግግር ብቻ ከሆነ የራሱ መሀለኛ ቻናል (የድምፅ መስመር) ያለው ሳውንድ ባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር፣ ወይም ሁለት ጥሩ ስፒከሮች በቂ ናቸው፤ ክፍሉን በሽቦ ማዞር አያስፈልግም። ማታ ማታ ለሚያይ ቤተሰብ ደግሞ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ያለው የሌሊት ሁነታ ትልቁን ድምፅ ዝቅ፣ ትንሹን ከፍ ያደርጋል፤ ምንም ከመግዛት በፊት እሱን ከፍቶ መሞከር ይገባል።

መሀለኛው ከተገዛ ደግሞ ቁምሳጥን ውስጥ ገፍቶ መክተት ጥፋት ነው። ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ ከመደርደሪያው ጣውላ እየነጠረ የወንድ ንግግር ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ከጆሮ በታች ከተቀመጠ ከፊቱ ሥር ትንሽ የጎማ ቁራጭ አስገብቶ ወደ ጆሮ ማቅናት ነው። ከግራና ከቀኙ ጋር የአንድ ኩባንያ አንድ ዓይነት ምርት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሀል ላይ ድምፁ ይቀየራል።

የሚታየው ነገርም ይቆጠር። ዜና፣ ውይይትና አብዛኛው ሙዚቃ የሚመጣው በሁለት ቻናል፣ በግራና በቀኝ ብቻ ነው። ለስፒከሮቹ ድምፁን የሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር ያንን ወደ አምስት ዘርግቶ ሊያሰማ ይችላል፤ ግን የሌለውን ከየትም አያመጣም። ፊልምና ጌም የሚያዘወትር ቤት ግን የከፈለበትን ያገኛል። ፊልም ላይም ቢሆን የጎን ስፒከሮች ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ተበላሹ ማለት አይደለም፣ የተቀረጸው እንደዚያ ነው።

አሁን ስለ ሽቦ። እዚህ ጋ ረዘም ማለት እፈልጋለሁ፤ በኋላ ለማረም ግድግዳ የሚያስፈርሰው ይኸው ክፍል ነውና። ርቀቱ የሚለካው በአየር ሳይሆን ሽቦው በሚሄድበት መንገድ ነው፦ ከአምፕሊፋየሩ ወርዶ፣ በግድግዳው ግርጌ ዞሮ፣ በበሩ አናት አልፎ፣ እስከ ስፒከሩ። በዚያ ላይ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሜትር ይጨመራል። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር እስከ 15 ሜትር ድረስ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ወይም ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ 2.5 ነው። ሽቦው ንጹሕ መዳብ ይሁን። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከላይ ሲያዩት ያው ነው፤ አንዱን ክር በቢላ ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት ግን ከሥሩ ነጭ ብልጭታ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከንጹሑ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሆነ እሱን የሚጠቀም ሰው አንድ ደረጃ ወፍራም መግዛት አለበት፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል።

ጫፉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይላጥና ክሮቹ በጣት ጠበቅ ተደርገው ይጠመዘዛሉ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ትንሿ ነገር እዚህ ላይ ናት፦ ከጥምዝማዡ ያመለጠች አንዲት የፀጉር ያህል ቀጭን ክር አጠገቧ ያለውን የሽቦ ማሰሪያ ከነካች ሾርት ይሆናል። ጥሩ አምፕሊፋየር ራሱን ያጠፋል፤ ደካማው ይቃጠላል። ስለዚህ ኃይሉ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ማሰሪያ በባትሪ መብራት ይታያል። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መግባቱም እንዲሁ። አንዱ ስፒከር ቢገለበጥ ምንም አይቃጠልም፤ ግን ባሱ ይሳሳል፣ ንግግሩም መሀል ላይ መቆም ትቶ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ግድግዳ ውስጥ ያለፈው ሽቦ የትኛው እንደሆነ ከጠፋ፣ ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ማስነካት ነው፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ሲነካ የባሱ ስፒከር ሸራ ወደ ውጭ ከወጣ ትክክል ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል።

ግድግዳው ገና ካልተለሰነ፣ ስፒከሩ ዛሬ ባይገዛ እንኳ ቱቦው ዛሬ ይቀበር። ውስጡ መጎተቻ ገመድ ይለፍበት፤ ከመለሰኑ በፊት ግድግዳው ከነሜትሩ ፎቶ ይነሳ። የስፒከር ሽቦ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ ይሻገር። ምስልና ድምፅ ለሚያስተላልፈው የኤችዲኤምአይ ገመድ የሚቀበረው ቱቦ ሰፋ ያለ ይሁን፤ የገመዱ ራስ ራሱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ስላለው ጠባብ ማጠፊያ ላይ ይቀራል። ገመድ አልባ የሚባሉት የጎን ስፒከሮችም አብዛኞቹ ድምፁን እንጂ ኃይሉን በአየር አያገኙም፤ በየቦታቸው ሶኬት ይፈልጋሉ። ይህን ሳያስቡ ገዝቶ ማራዘሚያ በምንጣፍ ሥር መዘርጋት ለእሳት በር መክፈት ነው።

ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመለሰው ድምፅ በየትኛው ገመድ እንደሚሄድም ይወስናል። ድምፅን በብርሃን በሚያሳልፈው የኦፕቲካል ገመድ የተጨመቀ 5.1 ያልፍበታል፤ ከዚያ በላይ አይችልም። ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (ድምፅ መላሽ) ተብሎ የተጻፈበት መሰኪያ በኢንተርኔት የሚመጣውን ዶልቢ አትሞስ፣ ከላይም ጭምር የሚሰማውን የድምፅ ዓይነት፣ ያስተላልፋል፤ ከብሉሬይ ዲስክ የሚወጣውን ሙሉ ድምፅ ለማሳለፍ ግን የተሻሻለው ኢኤአርሲ ያስፈልጋል፣ በሁለቱም መሣሪያ ላይ። ሁሉም በትክክል ተሰክቶ ጎኖቹ ዝም ካሉ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥኑ ሜኑ ነው፦ የድምፅ መውጫው ፒሲኤም ላይ ከሆነ ብዙ ቴሌቪዥኖች ሁሉንም ወደ ሁለት ቻናል አጥፈው ይልኩታል። ድምፁን ሳይነኩ ወደሚያሳልፉት ቢትስትሪም ወይም ፓስስሩ ሲቀየር የአምፕሊፋየሩ መስኮት ዶልቢ ብሎ ይጽፋል።

ዋት ላይ ብዙ አልቆይም። 1 ዋት ሲገባው በ1 ሜትር ላይ 88 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚያሰማ ስፒከር፣ 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው በ10 ዋት 88 ዴሲቤል ገደማ ይሰጠዋል፤ ይህም ለሳሎን ጩኸት ነው። ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው የሺህ ዋት ቁጥር ውሳኔው ውስጥ መግባት የለበትም።

ሰብዉፈሩ ግን ያሳስበኛል፣ በተለይ ግድግዳና ወለል ከጎረቤት ጋር በሚጋሩበት ቤት። ወፍራም ድምፅ በመጋረጃ አይቆምም። ከሥሩ የሚነጠፍ ጎማ ወለሉ እንዳይንቀጠቀጥ ያግዛል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አይከለክልም። ማታ ባሱን ዘግቶ ለማየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው እዚያ ቤት ሰብዉፈር ባያስገባ ይሻላል ባይ ነኝ። ቦታውም እንዲሁ በግምት አይሆንም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 34 ኸርዝ (በሰከንድ 34 ንዝረት) አካባቢ በራሱ ይጮኻል፤ ያው ድምፅ በርዝመቱ ትክክለኛ መሀል ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ቦታ የሚፈለገው በተቃራኒው መንገድ ነው፦ ሰብዉፈሩ ሶፋው ላይ፣ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ይደረጋል፤ የባስ ዜማው ግልጽ የሆነ ሙዚቃ ይከፈትና በግድግዳው ሥር በእንብርክክ እየሄዱ ይደመጣል። እያንዳንዱ የባስ ኖታ እኩል የሚሰማበት ጥግ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ሳያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ መጀመሪያ የአንቴናው ወይም የዲሹ ገመድ ይነቀል፤ እምታው ከቆመ መንገዱ ያ ነው፣ ለእሱ የሚሆን ማግለያ አለ። የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ግን በፍጹም፣ ሰው ይገድላል።

ክፍሉ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስተጋባ ለማወቅ ሶፋው ጋ ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል። ጭብጨባው ተከትሎ ጥርርር የሚል ጅራት ካለው፣ የትኛውም ስፒከር እዚያ ክፍል ውስጥ ንግግር አያጠራም። ወፍራም ምንጣፍ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ መካከል፣ መስታወቱ ላይ ከባድ መጋረጃ፣ ከዚያም መጽሐፍ ያለበት መደርደሪያ። አንዱ ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ ሌላው መስታወት በግድግዳው ላይ ሲያንሸራትት ስፒከሩ የሚታይበት ነጥብ ድምፁ የሚነጥርበት ነጥብ ስለሆነ፣ የሚሰቀለው ጨርቅ እዚያ ይሰቀል።

የኮርኒስ ስፒከሮችን በአጭሩ፦ አትሞስ ወደ ሲኒማ ቤት የገባው በ2012 ነው፣ ለቤትም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መጨረሻ የሚመጣ ነው። ድምፁን ወደ ላይ ተኩሰው የሚያስነጥሩት ዓይነቶች ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋሉ፤ ተመራጩም እስከ 3.6 ሜትር ከፍታ ያለው ነው። ጣሪያው ዘቅዛቃ ከሆነ ወይም በጣውላ ከተጌጠ ይቅሩ።

ከተገጠመ በኋላ ስፒከሮቹን የሚለካው የአምፕሊፋየሩ ማይክ በእጅ አይያዝም፤ በጆሮ ከፍታ ቋሚ ላይ ይደረጋል፣ ክፍሉም ጸጥ ይላል። አምፕሊፋየሩ ለክቶ ሲጨርስ ስፒከሮቹን "ትልቅ" ብሎ ከመዘገበ ወደ "ትንሽ" ይቀየርና መቁረጫው 80 ኸርዝ ላይ ይሁን፤ ከዚያ በታች ያለው ወደ ሰብዉፈሩ ይሄዳል። የሰብዉፈሩ ርቀት ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ቢጻፍ አይነካም፤ በውስጡ የሚፈጠረውን መዘግየት ቆጥሮ ነው። ከንፈርና ድምፅ ካልገጠሙ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ምስሉ ነው፤ በአምፕሊፋየሩ ላይ ድምፁን በ10 ሚሊሰከንድ እየጨመሩ ማዘግየት ነው። ድምፅ ከከንፈር 45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ሰው ልብ ማለት ይጀምራል።

እና ውሳኔው? ከሶፋው ጀርባ አንድ ሜትር የሚተርፍበት፣ ፊልም የሚታይበት፣ ባስ ጎረቤት የማይረብሽበት ክፍል ከሆነ 5.1 ይግባበት። ሶፋው ግድግዳ ከነካ እኔ የምመርጠው ሦስቱን የፊት ስፒከሮች በደንብ መግዛት፣ ለጎኖቹ ሽቦውን ብቻ ዘርግቶ መተው ነው፤ ጫፎቹ ተጠቅልለው፣ በሁለቱም በኩል ፕላስተር ተለጥፎባቸው "የጎን ግራ"፣ "የጎን ቀኝ" ተብሎ ተጽፎ። ከዚያ በፊት ደግሞ ስፒከር ይቆምበታል በተባለው እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ አንድ ወንበር ለሳምንት ይቀመጥ። በሩ ይመታዋል? ልጆች ያደናቅፋቸዋል? መጋረጃው ሲሳብ ይይዘዋል? ወንበሩን ሰው ሁሉ እያነሳ ወደ ጎን የሚያደርገው ከሆነ ስፒከሩም ዕጣው ያው ነው።