አንቴና ከመግዛትህ በፊት ቻርጀርህን ንቀል

ሰው ሬዲዮው ሲንሻሻበት ቶሎ የሚመጣለት «አንቴና ልግዛ» ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሶኬቱን ነው የማየው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ብዙ ጊዜ የደከመው ጣቢያው አይደለም፤ የሚጮኸው ቤታችን ነው። ርካሹ የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖሉ፣ የቴሌቪዥኑ አዳፕተር፣ ሁሉም የየራሱን ሻሻታ ይረጫል። ለማረጋገጥ ሬዲዮውን በባትሪ ክፈትና ቆጣሪውን አጥፋው። ከሰነፍክ መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ፤ ብዙ አያስጠብቅህም።

ረጅም ሽቦ ሁሉን ይፈታል የሚሉ አሉ። አይፈታም። ሽቦ ጣቢያውንም ጫጫታውንም አብሮ ነው የሚለቅመው። ለአጭር ሞገድ፣ ሳሎን ዙሪያ ከተጠመጠመ 10 ሜትር ይልቅ ከፌሮው ግድግዳ ውጭ የተወጠረ 5 ሜትር ይሻላል። የኔ ሽቦ ከበረንዳው ብረት ፈንጠር ብሎ በሲባጎ ታስሯል። ጫፉን ልጬ በልብስ መቆንጠጫ ከሬዲዮው አንቴና ጋር አጣብቄዋለሁ። ማታ ዶይቸ ቬለን የምሰማው በዚሁ ነው። ከኤሌክትሪክ መስመር ግን አርቀው፤ ክረምት ላይ ደመናው ሲያጉረመርም ንቀለው።

ኤፍ ኤም ላይ ወሳኙ የሽቦው ርዝመት ነው። ታች ቤት ያሉት እትዬ ሸገርን ጥርት አድርገው መስማት ፈለጉ። 300ን ለሸገር ቁጥር፣ ለ102.1፣ ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት ይመጣል፤ 2.94 ሜትር ገደማ። ግማሹን ወስደህ ትንሽ ቀነስ ስታደርግ 1.40 ሜትር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ወገን 70 ሳንቲ ሜትር። መንታ የመብራት ሽቦ ገዛሁ፣ ጫፉን 70 ሳንቲ ሜትር ሰነጠቅኩ፣ እንዳይቀደድ ስሩ ላይ ቋጠርኩና ሁለቱን ክንፎች ግራና ቀኝ ዘረጋኋቸው። ሌላኛው ጫፍ የድሮ ቴፓቸው ጀርባ ካሉት ሁለት የአንቴና ብሎኖች ላይ ገባ። አግድም ካልሰራ ቁመቱን አቁመህ ሞክር፤ ጣቢያዎች አስተላለፋቸው ይለያያል። «ይሄ ሽቦ ነው?» አሉ እትዬ፣ ቅር ብሏቸው። ሸገር ሲገባ ዝም አሉ።

ለመካከለኛ ሞገድ ይሄም አያስፈልግም። አንቴናው ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለች ጥቁር ዘንግ ናት። የዘንጓ ጎን ወደ ማሰራጫው ሲዞር ድምፁ ይጎላል፤ ጫፏ ሲዞር ይከስማል። የጎረቤትን ቻርጀር ሄደህ መንቀል አትችልም፤ ጫፏን ወደ ቻርጀሩ ማዞር ግን ትችላለህ።