የጅማ አየርና የሞዴል ፕራይመር

ተቀብቶ ያለቀ ሞዴል፣ ማለትም የሰው ወይም የዕቃ ትንሽ ቅርጽ፣ በእጅ ሲያዝ ከትከሻው ወይም ከጦሩ ጫፍ ላይ ቀለሙ ተላጦ ከተነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ቀለም አይደለም። ከስሩ ያለው ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ፣ አልያዘም፤ ወይም ጭራሽ አልተቀባም። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ቅባት ላይ እንደተንጠባጠበ ውሃ ይሰበሰባል፤ ቢደርቅም ስር የለውም። ፕራይመር ለዚያ ቀለም መያዣ የሚሆን ደቃቅ ሸካራ ገጽ ይሰጣል፤ ከተለያየ ቁስ የተገጣጠሙ ክፍሎችን አንድ መልክ ያስይዛል፤ በደንብ ያልተሞረደ መገጣጠሚያና ያልተደፈነ ቀዳዳም ያጋልጣል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለጀማሪ ከነጭም ከጥቁርም ይልቅ ግራጫ ፕራይመር የሚሻለው በእሱ ምክንያት ነው፤ ጉድለት ግራጫ ላይ አይደበቅም።

«የትኛውን ልግዛ?» ከማለት በፊት ሁለት ነገር መታየት አለበት፦ ሞዴሉ ከምን ተሠራ፣ አየሩስ እንዴት ነው? ጅማ ላይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እኩል ይመዝናል።

ከቁሱ እንጀምር። በፍሬም ላይ ተያይዞ የሚመጣው ተገጣጣሚ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ጥቂት ላርጎ ጠብ በተደረገበት ለብ ያለ ውሃ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ አንድ ሌሊት ይደርቃል። ውሃው መሞቅ የለበትም፤ ቀጫጭኑን ክፍል ያጣምመዋል። በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀድቶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ደግሞ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት ስለሚኖረው ሁለት ጊዜ ይታጠብ። በሬዚን ፕሪንተር የታተመ ሞዴል በአልኮል ታጥቦ በአልትራቫዮሌት ብርሃን በደንብ መጠንከር አለበት፤ ሲነኩት የሚጣበቅ ቦታ ካለ ምንም ዓይነት ፕራይመር አይዘውም። ለስላሳ፣ የሚተጣጠፍ የፒቪሲ አሻንጉሊት ላይ ስፕሬይ ብትረጩ ለሳምንታት ሳይደርቅ እንደተጣበቀ ሊቀር ይችላል፤ ፕላስቲኩን ያለሰለሰው ቅመም ወደ ቀለሙ ስለሚወጣ ነው። ለእሱ በውሃ የሚቀጥን ፕራይመር ብቻ ይሁን። ፎም ላይ ስፕሬይ ጨርሶ አይረጭም፤ ያቀልጠዋል። መጀመሪያ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ሁለት እጅ ይቀባና ሲደርቅ በብሩሽ ፕራይመር ይደረጋል።

እንጨት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ነው። በርጩማ በትንሹ ቀርጾ ቀለም መቀባት የሚፈልግ፣ ወይም የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳና ምሰሶ በሞዴል የሚሠራ ሰው ከፕላስቲክ ሞዴል የማይታወቅ ችግር ይገጥመዋል። ዋንዛን የመሰለ እንጨት ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በውሃ የሚቀጥን ፕራይመር ሲነካውም ጭረቱ ፀጉር አውጥቶ ይቆማል። በትልቁ በርጩማ ላይ የማይታይ ቀዳዳ በአንድ አሥረኛ ሞዴል ላይ ቦይ ይመስላል። ስለዚህ ፀጉሩ አስቀድሞ እንዲነሳ ይደረግ፦ እንጨቱን እርጥብ ጨርቅ አስነክቶ ማድረቅ፣ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጭረቱ አቅጣጫ ማለስለስ፣ ሳንዲንግ ሲለር (የእንጨት ቀዳዳ የሚደፍን ቅብ) አንድ እጅ መቀባት፣ ሲደርቅ በ400 ቁጥር መሞረድ። ጭረቱ ተቆርጦ አፉ የሚታይበት ጫፍ፣ ለምሳሌ የበርጩማው እግር መርገጫ፣ ከጎኑ ይልቅ አብዝቶ ይመጥጣልና ሲለሩ ሁለት እጅ ይሁንለት። ፕራይመሩ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አየሩ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ከተማ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳ ራሱ ይረጥባል። የስፕሬይ ፕራይመር የሚደርቀው በውስጡ ያለው ቲነር በፍጥነት ሲተን ነው፤ ሲተንም ከሞዴሉ ገጽ ላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ገጹ በድንገት ሲቀዘቅዝ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ ጤዛ ያርፍበታል፣ ገና ባልደረቀው ፕራይመር ውስጥም ይታሰራል። ውጤቱ ጥቁር ፕራይመር ላይ አመድ የተነፋበት የሚመስል ነጭ ጭጋግ ነው። ብራንድ በመቀየር የሚድን ችግር አይደለም። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙና ከ65 በመቶ በላይ ባነበበ ቀን ስፕሬዩን አታንሱ።

በበጋ ወራት፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ፣ ጤዛው ከተነሳ በኋላ ያለው ሰዓት ይመቻል፤ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ድረስ። ማለዳ ላይ ሰማዩ ጥርት ቢልም አየሩ እርጥብ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይም አይሁን፤ ጠብታው ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። ክረምት ላይ ግን በብሩሽ ወይም በኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) የሚቀባ፣ በውሃ የሚቀጥን ፕራይመር ቤት ውስጥ መጠቀም ነው። ጅማ ለሚኖር ሰው መጀመሪያ መገዛት ያለበትም ይኸው ይመስለኛል፣ ስፕሬዩ አይደለም። ሌላም ምክንያት አለ፦ ስፕሬይ ቀለምና ተቀጣጣይ ቲነር በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይፈቀድም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በውሃ የሚቀጥነውን ብልቃጥ ግን በሚጫን ሻንጣ ሊያመጣ ይችላል።

በብሩሽ አቀባቡ እንዲህ ነው። ቫየሆ የሚባለው ብራንድ ሰርፌስ ፕራይመር ዓይነት፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ፖሊዩሪቴን ከሆነ ብልቃጡን አንድ ደቂቃ አናውጡ። ለ10 ጠብታ 1 ወይም 2 ጠብታ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ጠፍጣፋ የናይለን ብሩሽ በውሃ ርሶ፣ በጨርቅ ተጠርጎ ይጀመር። በመጀመሪያው እጅ የፕላስቲኩ ቀለም ሳስቶ ቢታይ ትክክል ነው፤ በአንድ እጅ ለመሸፈን የሚደረግ ትግል ነው ፊትና ጣት የሚሞላው። ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር በሆነ የሰው ቅርጽ ላይ ዓይኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ወፍራም ፕራይመር ከዋጠው አይመለስም። ከፊል በደረቀ ቦታ ላይ ብሩሽ አትመልሱ፤ ይላጣል። በእጥፋት ውስጥ የተጠራቀመውን ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ምጠጡት። ሁለተኛው እጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀባል። ለመነካት በቶሎ ቢደርቅም ለመጠንከር 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ በሐምሌና ነሐሴ 48 ስጡት። ይህ ዓይነት ፕራይመር ሲሞረድ እንደ ላስቲክ ተጠቅልሎ ስለሚነሳ መገጣጠሚያው አስቀድሞ መጨረስ አለበት። እየሞረዱ መቀጠል ለሚፈልግ ላከር (በውሃ ሳይሆን በቲነር የሚቀጥን ቅብ) የሆነው ሚስተር ሰርፌሰር ይሻላል፤ ቁጥሩ 500፣ 1000፣ 1200፣ 1500 እያለ ሲጨምር እየደቀቀ ይሄዳል፤ ለሰው ቅርጽ ከ1000 በታች አይወረድ። ኤርብራሽ ያለው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መርፌና ከ1.2 እስከ 2 ባር ግፊት ይበቃዋል፤ ፕራይመሩ መርፌው ጫፍ ላይ ስለሚደርቅ በየጥቂት ደቂቃው በርጥብ ጥጥ ይጠረግ።

ለስፕሬይ፦ ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ይናወጥ። ጣሳው ከቀዘቀዘ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፤ እሳት ወይም ምድጃ አጠገብ ፈጽሞ አይሞቅም። ሞዴሉን ገልብጣችሁ ከስሩ ጀምሩ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ቀለሙ ከሞዴሉ ውጭ ጀምሮ አልፎት ሲሄድ እንዲቆም አድርጋችሁ፣ በአጭር ማለፊያ። በማለፊያዎቹ መካከል 10 ደቂቃ ጠብቁ። ማስክና ጓንት የግድ ነው። አንድ ነገር በተለይ ይሰመርበት፦ ቡና በከሰል እየፈላ ባለበት ክፍልም ሆነ ግቢ ስፕሬይ አይረጭም። ጭስ የመሰለው የስፕሬዩ ብናኝ ይቀጣጠላል።

የመኪና ቀለም ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ተራ የስፕሬይ ፕራይመር ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ግን ቲነሩ ለብረት የተሰላ ስለሆነ መጀመሪያ ተርፎ በተጣለው የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ይሞከር። በማግስቱ ፍሬሙ ከተሸበሸበ ወይም ከለሰለሰ ለሞዴል አይሆንም። «ፊለር» የሚል የተጻፈበት ጭረት ለመሙላት የተሠራ ስለሆነ የሞዴሉንም ዝርዝር ይሞላል። ማጠንከሪያ ተጨምሮበት የሚነፋው ባለሁለት ክፍል ፕራይመር አይሶሳይኔት የሚባል ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል አለውና ቤት ውስጥ አይገባም። የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለምና የብረት አንቲረስትም ምትክ አይሆኑም፤ ወፍራም ናቸው።

የፕራይመሩ ቀለም ምርጫ ቀላል ነው። ቢጫና ቀይ ለሚበዛበት ነጭ፣ ለጋሻና ለብረት ልብስ ጥቁር። ሁለቱን ማዋሃድም ይቻላል፦ ሙሉውን ጥቁር አድርጎ፣ ሲደርቅ ግራጫ በ45 ዲግሪ፣ በመጨረሻ ጥቂት ነጭ ከአናት ብቻ መርጨት። ጥላው ያለበትን ቦታ ሞዴሉ ራሱ ያሳያችኋል።

ገጹ አሸዋ አሸዋ ካለ ቀለሙ በአየር ላይ ደርቆ ነው የደረሰው፤ ርቀቱ በዝቷል ወይም ነፋስ አለ። በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ካልለሰለሰ መላጥ አለበት። ክብ ክብ ባዶ ዓይን ካወጣ የጣት ቅባት ነው፤ ከታጠበ በኋላ በጓንት ይያዝ። አክሪሊክ ፕራይመር ለመላጥ ፕላስቲክ ሞዴልን 70 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ነው፤ ካልለቀቀ ይደገም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል።

ቀለም ከመጀመራችሁ በፊት በማይታይ ቦታ፣ እግሩ ስር ለምሳሌ፣ የቀለም ቀቢ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ንቀሉ። ፕላስተሩ ንጹሕ ከወጣ ቀጥሉ። ፕራይመር ይዞ ከተነሳና 24 ሰዓት ካልሞላው አንድ ቀን ጨምሩለትና በሌላ ቦታ ድገሙ፤ ሞልቶትም ከተነሳ ሞዴሉ በደንብ አልታጠበም።