ኒውሮፊድባክ ለኦቲዝም ልጆች፦ ከመክፈላችሁ በፊት ጥሬውን ሞገድ አሳዩን በሉ

ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረው ወላጅ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ኒውሮፊድባክ የሚለው ቃል ይገጥመዋል። ክኒን የለውም፣ መርፌ የለውም፣ የአንጎልን ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ ራሱ ላይ ተለጥፎበት ልጁ ቁጭ ብሎ ፊልም እያየ አንጎሉ ይሠለጥናል ይባላል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይጠየቃል፤ የሚመከረው ደግሞ ከ20 እስከ 40 ክፍለ ጊዜ ነው። ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ «በቂ ማስረጃ የለውም» ብሎ አይሸፍነውም። ከኪስ ከ2,000 እስከ 8,000 ዶላር የሚወጣበት ነገር ስለሆነ ወንበሩ ላይ ምን እንደሚሠራ በዝርዝር ማወቅ ያስፈልጋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኒውሮፊድባክ ኦቲዝምን አያጠፋም፤ ኦቲዝምም ከልጁ ተነቅሎ የሚወጣ ነገር አይደለም። ከረዳ የሚረዳው አብረው ለሚመጡት ችግሮች ነው፦ ለትኩረት ማጣት፣ ለእንቅልፍ ችግር፣ ለጭንቀት። ለእነዚህም ቢሆን ትልቁ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሞገድ በእውነት ከልጁ አንጎል የመጣ ነው ወይ የሚለው ነው።

የአንጎል ሴሎች የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ የራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ በማይክሮቮልት፣ ማለትም በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ ደካማ ነገር ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 ከሰው ራስ ላይ ቀዳው፤ በ1929 አሳተመው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኮምፒውተሩ ሞገዱን በፍጥነቱ ይለየዋል። በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚወዛወዘው ቴታ፣ ከ8 እስከ 12 አልፋ፣ ከ12 እስከ 15 ኤስኤምአር፣ ከዚያ በላይ ያለው ቤታ ይባላል። በ1960ዎቹ ተመራማሪው ባሪ ስተርማን በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ድመቶች በምግብ ሽልማት ኤስኤምአርን ማሳደግ እንደሚማሩ አሳየ፤ በኋላም የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከረው። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው፤ ምግቡ በፊልም ወይም በጌም ተተካ። የተፈለገው ሞገድ ሲመጣ ፊልሙ ይጠራል፣ ሲጠፋ ይደበዝዛል። ለኦቲዝም ልጆች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቴታን መቀነስና ኤስኤምአርን መጨመር ነው፤ ኤሌክትሮዱም፣ ማለትም ሞገዱን ከቆዳው ላይ የሚያነበው ትንሽ ብረት፣ የሚቀመጠው መሐል አናት ላይ (ሲዚ) ወይም ከአናት በስተቀኝ (ሲ4) ነው።

ኤሌክትሮዱን በዓይን ግምት የሚለጥፍ ባለሙያ ካያችሁ እዚያው ጠይቁ። ቦታው የሚገኘው በሜትር ተለክቶ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መሐል ካለው የአፍንጫ መነሻ ተነስቶ፣ በአናት አልፎ፣ ከማጅራት በላይ እስካለው ጉብ ያለ አጥንት ይለካል። 34 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 17ኛው ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ከአንዱ ጆሮ ፊት ካለው ጎድጓዳ እስከ ሌላው ጆሮ በአናት በኩል ይለካል፤ የሁለቱ ልኬቶች አጋማሽ የሚገናኝበት ሲዚ ነው። ከጆሮ እስከ ጆሮ 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሃያ በመቶው 7 ነው፤ ከሲዚ ወደ ቀኝ 7 ሴንቲ ሜትር ሲወረድ ሲ4፣ ወደ ግራ ሲወረድ ሲ3 ይገኛል። ልኬቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ቀጥሎ ቆዳው ሻከር በሚል ጄል ይታሻል፣ ኤሌክትሮዱ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ማጣበቂያ (ፓስታ) ይጣበቃል፣ ሁለት ተጨማሪ ኤሌክትሮዶች ጆሮ ላይ ይቆነጠጣሉ፤ አንዱ ማነጻጸሪያ፣ ሌላው ግራውንድ ነው። ከዚያ ኢምፒዳንስ ይለካል፤ ይህ በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መሰናክል ነው። ከ5 ኪሎ ኦም በታች መውረድ አለበት፤ በአዳዲሶቹ ማጉያዎች እስከ 10 ይፈቀዳል። ቁጥሩን አሳዩን ማለት የደንበኛ መብት ነው። ኢምፒዳንሱ 30 ላይ ሆኖ «ምንም አይደል፣ እንጀምር» የሚል ሰው የልጁን አንጎል ሳይሆን የክፍሉን የኤሌክትሪክ ጩኸት ነው የሚያሠለጥነው።

እዚህ ላይ የፀጉር ጉዳይ አለ፤ ለኛ ልጆች ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት ለለስላሳና ለሳሳ ፀጉር ነው። ከርዳዳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ኤሌክትሮዱን ከቆዳው ያርቀዋል፤ ኢምፒዳንሱም አልወርድ ይላል። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር መፍትሔ ይዛ መጥታለች፦ ፀጉሩን የመለኪያ ቦታዎቹ እንዲጋለጡ አድርጎ መሥራትና በሹሩባዎቹ መሐል ተይዞ የሚቆም ኤሌክትሮድ መጠቀም። ልዩ ኤሌክትሮዱ ባይገኝም ሐሳቡ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ካለች አንዱ የፀጉር ክፍያ ከግንባር ወደ ማጅራት በመሐል አናት እንዲያልፍ፣ ሌላው ከጆሮ ወደ ጆሮ እንዲሄድ አድርጉ፤ ሲዚም ሲ4ም ይጋለጣሉ። ከዋዜማው ጀምሮ ቅቤም ሆነ የፀጉር ቅባት አይቀባ፤ ፀጉሩ በሻምፑ ይታጠብ፣ ኮንዲሽነር ይቅር። ሂውማን ሄር የተቀጠለበት ቦታ ላይ ኤሌክትሮድ አይያዝም።

ብዙ የኦቲዝም ልጆች ራሳቸውን ሰው ሲነካቸው አይወዱም፤ ቀዝቃዛና የሚያጣብቅ ፓስታ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ማለማመድ ይሻላል። መጀመሪያ አናቱን በጣት መንካት፣ ቀጥሎ እርጥብ ጥጥ፣ ቀጥሎ ትንሽ የፀጉር ጄል፣ በመጨረሻ ለስላሳ መቆንጠጫ ጆሮ ላይ ለአስር ሴኮንድ፣ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ። አንዱን ደረጃ ሳይረበሽ ሲቀበል ብቻ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ፓስታውን ክፍሉ ውስጥ ለብ አድርጎ መጠቀምም ይረዳል። ልጁ እያለቀሰ በግድ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ጥቅም የለውም፤ የሚያለቅስ ልጅ ላይ የሚነበበው የጡንቻ ምልክት ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ወደ ክፍሉ አልገባም ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኤሌክትሮዱ የአንጎልን ብቻ ሳይሆን ያገኘውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ያነባል። ዓይን ሲርገበገብ ትልቅና ዝግ ያለ ጉብታ ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ቴታ ወይም ከቴታም ዝግ ያለው ዴልታ ብሎ ይቆጥረዋል። መንጋጋ ሲጨመቅ ጥቅጥቅ ያለ ፈጣን ሞገድ ይመጣል፤ ቤታ ተብሎ ይቆጠራል። ወንበር ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዝ ልጅ ገመዱን ስለሚያንቀሳቅስ ሌላ ዝግ ያለ ሞገድ ይፈጥራል። አሁን አስቡት፤ ሶፍትዌሩ ቤታ ሲጨምር ሽልማት እንዲሰጥ ከተስተካከለና ልጁ ጥርሱን ሲነክስ ፊልሙ እንደሚጠራ ከተረዳ፣ ከሃያ ክፍለ ጊዜ በኋላ የተማረው ጥርስ መንከስ ነው። ቴታ እንዲቀንስ የተሸለመውም ዓይኑን ሳያርገበግብ ማፍጠጥን ሊማር ይችላል። ግራፉ ግን በሁለቱም ልጆች ላይ «መሻሻል» ያሳያል።

መቆጣጠሪያው ቀላል ነው። ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው ጥሬውን ሞገድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ገና በፍጥነት ያልለየውን፣ ስክሪን ላይ ይክፈት። ልጁ ዓይኑን አምስት ጊዜ ያርገብግብ፣ መንጋጋውን ይጭመቅ፣ ከዚያ ዓይኑን ለሠላሳ ሴኮንድ ይጨፍን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግልጽ መታየት አለባቸው፤ ሶፍትዌሩም በእነዚያ ጊዜያት ሽልማቱን ማቆም አለበት። ዓይን ሲጨፈን በብዙ ሰው ላይ ከራስ ኋላ አልፋ ከፍ ይላል። ትእዛዙ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ቤቱ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ በእንግሊዝኛ «ዘና በል» ሲባል ዝም ቢል መታዘዙ አይደለም።

የመብራት ጩኸትም አለ። አሜሪካ ውስጥ 60 ሄርዝ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ ተገዝቶ አዲስ አበባ የገባ መሣሪያ ማጣሪያው 60 ላይ እንደተቀመጠ ከተተወ ጩኸቱ ሁሉ ያልፋል። ማጣሪያውን ወደ 50 መቀየር፣ ላፕቶፑንም ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መሥራት ነው።

ሽልማቱ የሚሰጥበት ልክ፣ ማለትም የማለፊያ ነጥቡ፣ ብዙም ትኩረት አይሰጠውም። ልጁ ከጊዜው 60 ወይም 70 በመቶ ያህል ሲሸለም ይማራል፤ 95 በመቶ ከተሸለመ የሚማረው የለም፣ 30 ከሆነ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙ ሶፍትዌር ነጥቡን በራሱ እያስተካከለ ይሄዳል። ይህ ምቹ ቢመስልም ልጁ ሲደክመው ነጥቡም አብሮት ይወርዳል፤ እያንቀላፋ ሽልማት ይቀበላል። ባለሙያው ነጥቡን በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አስቀምጦ የሚመዘግብ ቢሆን እመርጣለሁ። ስልጠናው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚቆዩ ዙሮች ይከፈላል፣ በጠቅላላው 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ።

ጥናቱስ ምን ይላል? በ2007 ሮበርት ኮበን ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት 37 የኦቲዝም ልጆች 20 ክፍለ ጊዜ ሠለጠኑ፤ ወላጆቻቸው ብዙ መሻሻል እንዳዩ ተናገሩ። ማስታወቂያ ላይ የሚጠቀሰው ይህን መሰሉ ነው። ችግሩ ልጆቹ በዕጣ አለመመደባቸውና ወላጆቹ ልጃቸው እየሠለጠነ መሆኑን ማወቃቸው ነው። በ2013 በኔዘርላንድ የሚርያም ካውዘር ቡድን 38 ወጣቶችን በዕጣ ከፈለ፦ አንዱ ቡድን ኒውሮፊድባክ፣ ሌላው የቆዳ ላብ መለኪያ ስልጠና፣ ሦስተኛው ተጠባባቂ። ኒውሮፊድባክ ካገኙት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ዝግ ያለውን ሞገድ መቀነስ ቻሉ፤ በኦቲዝም ምልክቶች ላይ ግን ልዩነት አልተገኘም። በትኩረት ማጣት ላይ ደግሞ በ2021 የወጣው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 142 ልጆችን ያካተተ ነበር፤ አንዱ ቡድን በራሱ ሞገድ ሠለጠነ፣ ለሌላው ሳያውቅ የሌላ ልጅ ሞገድ ቅጂ ተሰጠው። ሁለቱም ተሻሻሉ፣ እኩል። ይህ ማለት ልጆቹ አልተጠቀሙም ማለት አይደለም። በሳምንት ብዙ ጊዜ ቁጭ ብሎ መሥራት፣ የሚያበረታታ አዋቂ፣ የተስተካከለ ቀን፣ የወላጅ ተስፋ፣ እነዚህ ሁሉ ሥራ ይሠራሉ። ለሞገዱ ብቻ 8,000 ዶላር መክፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም መሣሪያዎቹን ለገበያ የሚያሳልፈው በአብዛኛው ሰውነትን ዘና ለማድረግ ነው እንጂ ለኦቲዝም ሕክምና ብሎ አይደለም።

የቋንቋና የመግባቢያ ቴራፒ ገና ላልጀመረ ልጅ ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ እላለሁ። አገር ቤት ላሉ ወላጆችም የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ኢትዮጵያ ውስጥም የተሞከረው የተንከባካቢዎች ክህሎት ስልጠና ኤሌክትሮድ አይጠይቅም፤ ቤት ውስጥ በጨዋታና በዕለት ሥራ ላይ ነው የሚሠራው።

እንሞክረው ላላችሁ ደግሞ ግባችሁ አንድ ይሁን፤ የሚቆጠር ይሁን። «ይሻለው» አይቆጠርም፤ «ተኝቶ እስኪያንቀላፋ የሚፈጅበት ደቂቃ» ይቆጠራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳትጀምሩ መዝግቡ፣ ከጀመራችሁም በኋላ ቀጥሉ። መምህሩ ስልጠናውን ሳያውቅ በየወሩ አንድ መጠይቅ ቢሞላ የወላጅን ተስፋ ያመዛዝናል። በዚያው ጊዜ መድኃኒት፣ ምግብና ትምህርት ቤት አብራችሁ አትቀይሩ፤ ምኑ እንደሠራ አይታወቅም። በ20ኛው ክፍለ ጊዜ መዝገቡን ከባለሙያው ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ አቁሙ። ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ የሚጠይቅ ቦታ ይህን ዕድል ይነፍጋችኋል። ባለሙያው የሙያ ፈቃድ እንዳለውም ጠይቁ፤ ቢሲአይኤ የሚባለው ተቋም የምስክር ወረቀት የሚሰጠው 36 ሰዓት ትምህርትና 25 ሰዓት በአማካሪ ክትትል ላጠናቀቀ ነው።

የሚጥል በሽታ በኦቲዝም ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይበዛል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮ ካለ ደግሞ ከአምስት አንዱ ገደማ ይደርሳል። አፍጥጦ መቅረት፣ ድንገት መደንዘዝ ወይም ሌሊት መንቀጥቀጥ ከታየ መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም የሚያነበው የአንጎል ሞገድ ምርመራ (ኢኢጂ) ይሠራ፤ የኒውሮፊድባክ መሣሪያ ያንን አይተካም። ብልጭ ድርግም የሚል ጌምም አይመረጥ። ልጁ ክሎናዜፓም ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት ከወሰደ ቤታው በመድኃኒቱ ምክንያት ከፍ ስለሚል ባለሙያው ስሙንና መጠኑን ማወቅ አለበት። ከክፍለ ጊዜ በኋላ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ብስጭት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል፤ በቀን በቀኑ ጻፉት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ኤሌክትሮዱ ከመለጠፉ በፊት ለባለሙያው አንብቡለት፣ የሚሠለጥነውን የሞገድ ፍጥነት ወይም የዙሩን ርዝመት እንዲቀንስ ጠይቁ።