ምግብ መራጩ ሰውዬ ጎመን መብላት ሲጀምር

ሙልጭልጭ የሚል ሽንኩርት ጥርሴ ሥር ሲገባ ጉሮሮዬ ይዘጋል። በጣዕሙ ጠብ የለኝም። የሚያስቸግረኝ አፌ ውስጥ የሚሰማኝ ነገር ነው። በወጥ የራሰ እንጀራ፣ ውሃ ያቆረ ጎመን፣ የቲማቲም ዘር ያቅለሸልሹኛል። ልጅ እያለሁ "ቅብጠት ነው" ይባል ነበር። አድጌ ደሴ ላይ ቤት ስከራይ ምግቤ ዳቦ በሻይ፣ ፓስታ በዘይትና እንቁላል ሆኖ ቀረ። መላ መፈለግ የጀመርኩት የሆድ ድርቀቱ ሲብስብኝ ነው።

መጀመሪያ ያለ ችግር የምበላቸውን ጻፍኩ። ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ደረቅ ጥብስ፣ የዳቦ ቅርፊት። ሁሉም ደረቅ ናቸው፣ ሁሉም ይቆረጠማሉ። አትክልቱንም ወደዚያ ማምጣት ነበረብኝ። ወጥ ውስጥ የላመ ካሮት አልችልም። ጥሬው ታጥቦ በስሱ ተቆርጦ ጨውና ሎሚ ሲነካው ግን እንደ ቺፕስ ነው የምጨርሰው። ሽምብራ ቆሎ ከሰኞ ገበያ እገዛለሁ፤ ፕሮቲንም ፋይበርም (የምግብ ቃጫ) አለው። እሱን ስለምድ ወደ ሽምብራ ንፍሮ ተሻገርኩ፣ ውሃውን አጥልዬ መጥበሻ ላይ ትንሽ እያደረቅኩ። ከለመዱት ምግብ በጥቂቱ ብቻ የሚለየውን መሞከር በጣም ያቀላል።

ጎመን ብዙ አስቸገረኝ። አሁን ቅጠሉን ከአገዳው ለይቼ አድቅቄ እከትፈዋለሁ። ቶሎ ቀቅዬ ውሃውን በእጄ እጨምቃለሁ። ከዚያ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት እርጥበቱ እስኪጠፋ አገላብጠዋለሁ። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጎመንና ካሮት ውስጥ ያለውን ለቫይታሚን ኤ የሚሆነውን ነገር ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። የወጥ ሽንኩርት ፈጭቼ ነው የማበስለው። ምስር ክክ ደግሞ እስኪሟሟ ይበስላል፤ ጓል የሌለው ልስላሴ አይረብሸኝም።

የደሴ ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ቅቤ የገባበት ወጥ ትንሽ ከቆየ ላዩ ይረጋል፣ እኔም እነሳለሁ። ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ስወርድ ሙቀቱ ያድነኛል። ቤቴ ግን በዘይት እሠራለሁ፣ ትኩሱንም በጥቂት በጥቂቱ አወጣለሁ።

የጋራ ትሪና ጉርሻ ሌላው ፈተና ነበር። አከራዬን "እማማ፣ ምግብዎ ይጣፍጣል፤ እኔ ግን ሲደባለቅ አይወርድልኝም። ወጡን ለብቻው ያድርጉልኝ" አልኳቸው። "አብሽር ልጄ፣ ዋናው መብላትህ ነው" አሉኝ። አሁን ጉርሻውን ከደረቁ እንጀራ ቆርሰው እጄ ላይ ያኖሩልኛል።

ቡናውስ? ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ በጎመንና በምስር ውስጥ ያለው አይረን (የብረት ማዕድን) ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ሎሚ በተቃራኒው ያግዛል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እታገሣለሁ። ወሎ ውስጥ አቦል ተቀድቶ "ትንሽ ልቆይ" ማለት ጎመን ከመብላት ይከብዳል፣ እመኑኝ።

ክብደቱ የሚቀንስ፣ የሚያዞረው ወይም የሚበላው ነገር ከቀን ወደ ቀን የሚያንስበት ሰው ግን ሐኪም ይይ። ልጅ ከሆነም በግድ አታጉርሱት። ያሽትተው፣ በጣቱ ይንካው፣ ከሚወደው ምግብ አጠገብ ይቀመጥለት። በግድ የገባ ምግብ ጥላቻውን ያባብሰዋል።

ቲማቲም እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ዘሩን አወጣሁ፣ ልጣጩን ላጥኩ፣ ፈጨሁት፤ እምቢ አለ። ዘሩ የወጣለት ቃሪያና ሎሚ ቫይታሚን ሲ ስለሚሰጡኝ ትቼዋለሁ።