የወንድሜ መዳፍ

ፍኖተ ሰላም ቤታችን ሳሎን ግድግዳው ላይ የሁላችንም ፎቶ አለ፣ የኔ ምርቃት፣ የእህቴ ሰርግ፣ አባየ በጎረምሳነቱ ደብረ ማርቆስ የተነሳው። የታናሽ ወንድሜ ግን አልነበረም። ዳውን ሲንድረም አለበት፣ አብሮ የሚወለድ፣ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይና መልክ ላይም የሚታይ ነገር ነው፣ አሁን 19 አመቱ ነው። እስከ አምና ድረስ ፎቶ የተነሳው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ሀኪም ቤት። ትንሽ ልጅ ሆኖ ደረቱን ታሞ እማየ ወስዳው ተማሪዎቹ ከበቡትና በስልካቸው አይኑን አነሱ፣ ምላሱን አነሱ፣ እጁን ዘርግተው መዳፉ ላይ አግድም የምታልፈዋን አንዲት መስመር አነሱ፣ እሷን ላንሳው ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ቤት ስትገባ "እጁን ምን ያደርጉታል፣ ፊቱን አያነሱትም?" ነው ያለችው። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰሞኑን ደሞ ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳነብ ከረምኩ። ላንግደን ዳውን፣ ያው ዳውን ሲንድረም በስሙ የተጠራው ሀኪም፣ በፈረንጆቹ ከ1858 ጀምሮ እንግሊዝ አገር ሰሪ በሚባል አውራጃ ውስጥ ኧርልስውድ የሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ተቋም ሀላፊ ነበር፣ እዛ ያሉትን ሰዎች ራሱ ፎቶ ያነሳ ነበር። ያኔ ፎቶ ማለት መስታወት ላይ ኬሚካል ቀብተህ ሳይደርቅ አንስተህ ሳይደርቅ የምታጥበው ነገር ነው፣ የሚነሳው ሰው ደግሞ ለሰከንዶች ንቅንቅ ሳይል መቀመጥ አለበት። ወንድሜን ሳስበው እንዴት ችለውት ተቀመጡ እላለሁ!

በ1866 ባሳተመው ጽሁፍ ሰዎቹን በመልካቸው በዘር መደባቸው። "ሞንጎል" ያላቸውን፣ ዛሬ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው የምንላቸውን ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ሰምቷል፣ እኔን ያስደነገጠኝ ግን "ኢትዮጵያዊ" የሚል ምድብም መኖሩ ነው፣ የአውሮፓ ልጆች ሆነው ከንፈራቸውና ጸጉራቸው ታይቶ ማለት ነው። አንድ እንግሊዛዊ ልጅ ትምህርት አልገባው ሲል የኛ ስም ተለጠፈበት! የዳውን ሲንድረም ምክንያቱ ክሮሞዞም፣ ያው በሴላችን ውስጥ ከወላጅ የወረስነውን የሚይዘው ነገር መሆኑ፣ እንደሌላው ሰው 46 ሳይሆን 47 መሆኑ፣ የታወቀው በ1959 ነው፣ "ሞንጎል" የሚለው ይቅር ብለው ሳይንቲስቶች የጻፉት ደግሞ በ1961። የዳውን የራሱ የልጅ ልጅ እኮ በ1905 ሲወለድ ይሄው ነገር ነበረበት።

ግን ፎቶዎቹን ሳያቸው ሙሉ በሙሉ ልቆጣው አልቻልኩም። ሰዎቹ ንጹህ ልብስ ለብሰው፣ ጸጉራቸው ተበጥሮ፣ እንደማንኛውም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚያዩህ። ምድቡ ስህተት ነው፣ ፈቃዳቸውን ማን ጠየቀ የሚለውም አለ፣ ፊታቸው ግን ሙሉ ነው። የወንድሜን እጅ ቆርጠው እንደወሰዱት አይደለም።

አምና ለጥምቀት እማየ ያሰፋችለትን ነጭ ልብስ አልብሰን ፎቶ ቤት ወሰድነው። አንሺው ልጅ ጎንበስ ብሎ "ወንድሜ፣ ላንሳህ?" አለው፣ እሱ ደግሞ መጀመሪያ መስታወት አምጣ አለ፣ አየ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ከዛ "አሁን" አለ። ሁለት አሳጠብን። አንዱ ሳሎን ከአባየ ጎን ነው፣ ሌላውን ትራሱ ስር አድርጎ ነው የሚተኛው።