ክኒኑ ኪሴ ውስጥ ነበር

እናቴ ደብረ ሲና፣ እኔ ደብረ ብርሃን እንኖራለን። ግፊቷ በሁለት ዓይነት ክኒን አልወርድ ሲል አንድ ሐኪም ክሎኒዲን የሚባል ሦስተኛ የግፊት ክኒን ጨመረላት። መለኪያ ገዛሁ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ መዘገብኩ፤ በሦስት ሳምንት 135/85 ደረሰ።

ከዚያ «ልጄ፣ ምራቄ ነጠፈ፤ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» አለችኝ። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያው ደብተሩን እንኳ ሳይገልጥ «ግፊቷ ተስተካክሏል፤ ይህኛውን ለጊዜው ታሳርፈው» አለ። እኔም አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ ተሳስታ እንዳትውጠው ብዬ ክሎኒዲኑን ኪሴ ከትቼ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ጎረቤት ደወለች። እናቴ ራሷን ይዛ ትጮኻለች፤ ላብ አጥምቋታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። መኪና ተኮናትሬ በጭጋግ ጣርማ በርን ወረድኩ። ስለካት 214/122 ነበር። ይዣት ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን መድኃኒት አቋረጠች?» ብላ ነው። ያን ጊዜ እጄን ኪሴ ከተትኩ። በዚያች ሌሊት ብቻ መድኃኒቷን ይዤ ጣርማ በርን ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ግፊቷ ሲረጋጋ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ፣ ከደረት እስከ ወገብ መጀመሪያ፣ ከአንጎል ግንድ ትእዛዝ እየተቀበሉ ልብን የሚያፈጥኑና ደም ሥርን የሚያጠብቡ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ክሎኒዲን በአንጎል ግንድም በእነዚህ ሕዋሳትም ላይ አልፋ 2 የሚባለውን ተቀባይ ይዞ ጸጥ ያሰኛቸዋል፤ ደም ሥርን የሚያጠብበው ኖርአድሬናሊን የሚባል ኬሚካል ይቀንሳል፤ ደም ሥር ይላላል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር የታፈኑት ሁሉ በአንድ ላይ ይነሳሉ፤ ግፊቱም ከቀድሞው አልፎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሚቋረጠው በሐኪም ክትትል፣ መጠኑ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። አብሮ እንደ አቴኖሎል ያለ፣ የልብ ምትን የሚያዘገይ (ቤታ ብሎከር የሚባል) መድኃኒት ካለ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

«አሳርፉ» ስትባሉ ነጭ ጋውን አይታችሁ ዝም አትበሉ። «በአንድ ጊዜ የሚቆም ነው ወይስ እየተቀነሰ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ መድኃኒቱን ወዳዘዘው ሐኪም ደውሉ። ፋርማሲው በየሠላሳ ቀኑ ኑ ይላል፤ እኔ በሃያኛው ቀን እሄዳለሁ። «ገና ነው» ብለው ቢቆጡም አልመለስም፤ መንገድ በሚዘጋበት አገር ክኒን እስኪያልቅ አይጠበቅም።

አሁን ትልቁን መጠን የምትወስደው ማታ ስለሆነ የቀን እንቅልፉ ቀንሶላታል። ወደዚያ ባለሙያም ደብተሩን ይዤ ሄጄ ነበር። 214/122 የሚለውን አየና «እኔ እኮ ለጊዜው ነው ያልኩት» አለኝ።