ከሰፈራችን መናፈሻ ዛፎች ጋር መተዋወቅ

ዛፎችን በስማቸው ለይቶ ማወቅ የጀመርኩት ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለችው ትንሿ የሰፈራችን መናፈሻ ነው። እንደ እኔ በመማር ላይ ላላችሁ ይጠቅም እንደሆነ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ። የወይራ ቅጠል ፊቱ አረንጓዴና አብረቅራቂ ሲሆን ጀርባው ወደ ወርቃማ ቡናማ ያደላል። ከአውስትራሊያ የመጣው ግራቪሊያ ደግሞ በተሰነጣጠቀው ቅጠሉ ጀርባ ብርማ ነው። ይህን ካወቃችሁ ሁለቱን ዳግም አትስቷቸውም።

ጥድና ዝግባ ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ናቸው። ቀረብ ስትሉ የትልቁ ጥድ ቅጠል እንደ ዓሣ ቅርፊት ደቃቅ ሆኖ ቀንበጡ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ የዝግባው ጠባብ፣ ረዘም ያለና ጫፉ የሾለ ነው። የጥድ ፍሬ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ሰማያዊ ጠብታ ሲሆን የዝግባ ፍሬ ግን ክብና አረንጓዴ ነው።

ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማሩኝ የመናፈሻዋ ሰዎች ናቸው። ረፋድ ላይ ጋዜጣ ይዘው ከሚመጡት ጡረተኞች መካከል አንድ የቀድሞ አናጺ አሉ። «ጋሼ፣ ይህ ዛፍ ምን ይባላል?» ስላቸው የወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ በጩቤ ፋቅ አድርገው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ። «አሽትተው ልጄ! ይህን ምስጥ አይደፍረውም» አሉኝ። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት እናት ደግሞ ወይራን የሚያውቁት በጭሱ ነው፤ አገር ቤት ሳሉ የወተት ዕቃ ያጥኑበት ነበር። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ጥላ ሥር በሚቀመጥበት መሐል ከተማ፣ ስም ከመጠየቅ ይልቅ «ለምን ይውላል?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ እንደሚያስተምር የተረዳሁት በዚህ ነው።

ቅርንጫፍ አልሰብርም፤ የወደቀውን ብቻ አንሥቼ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አደርቃለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩባቸውን ናሙናዎች አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ቦታ) ወስጄ ለማሳየት አስቤአለሁ።

አሁን የያዘኝ የዝግባችን ጉዳይ ነው። ዝግባ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ብቻ ናት። በእኛ ዛፍ ላይ እስካሁን ፍሬ አላየሁም። በሰፈራችሁ ፍሬ የያዘች ዝግባ ካለች የት እንደሆነች ንገሩኝ፤ መጥቼ አያታለሁ።